ምድጃውን ያልዞረ ልጅ

ልጄ በአርባ ስድስተኛ ቀኑ ሞተ። አራት ወር ሆነው።

ባለፈው እሑድ ታናሽ ወንድሜ አምሳሉ መጣ። ሚስቱ ወንድ ልጅ ከተገላገለች ወር አልፏታል። «ወንድም ጋሼ፣ የሕፃኑን ክርስትና ኮሎኔል አጎታችን እስኪመጡ ላቆየው?» ሲል ጠየቀኝ። ይህን ነገርኩት።

በድሮ ዘመን በግሪኮች አገር አንድ ባላባት ነበረ። የራሱን ስም የሚያውቅ ጥቂት ነው። የጦር አዛዡ አማች፣ የመርከቦቹ አለቃ የእህት ልጅ ሲባል ኖረ፤ እሱም እንዲያ ሲሉት ደስ ይለው ነበር። ከብዙ ዓመት በኋላ ወንድ ልጅ ተወለደለት።

በዚያ አገር ልማድ፣ ልጅ በተወለደ በጥቂት ቀን አባቱ ታቅፎት በቤቱ ምድጃ ዙሪያ ይሮጣል፤ ከዚያም በዘመድ ፊት ስም ያወጣለታል። ይህ ያልተደረገለት ሕፃን የቤቱ ልጅ አይባልም።

ቀኑ ደረሰ። የጦር አዛዡ ግን ዘመቻ ላይ ነበር። «እሱ ሳይኖር ቢደረግ ይቀየመኛል» አለ ባላባቱ። አዛዡ ሲመለስ ደግሞ የመርከቦቹን አለቃ ነፋስ ደሴት ላይ አስቀረው። ወንድ ልጅ ተወለደ ተብሎ በደጁ የተሰቀለው የወይራ ጉንጉን ደረቀ።

አንድ ቀን ሞግዚቷ፣ «ጌታዬ፣ ምድጃው እዚህ ነው፣ ልጁም እዚህ ነው፣ እግርም አለዎት። የቀረው ማን ነው?» አለችው።

«ዘመዶቼ ያልቆሙለት ልጅ የማን ልጅ ይባላል?»

«የእርስዎ ነዋ።»

«አንቺ ወግ አታውቂም» ብሎ አስወጣት።

በነጋታው ሕፃኑን ትኩሳት ያዘው። የመርከቦቹ አለቃ ወደብ በደረሰ ዕለት ሕፃኑ ሞተ። ዘመዶቹ ሁሉ ስጦታ ይዘው ሲገቡ፣ ባላባቱ በድኑን ታቅፎ ምድጃውን ሲዞር አገኙት። ሦስት ጊዜ ዞረ። አዛዡ ክንዱን ይዞ፣ «ተው፣ ሰው ይስቅብናል፤ ለሞተ አይዞርም» አለው። ከአባቶቹ መቃብር ይግባልኝ ብሎ ቢለምን፣ «ማን ተብሎ?» አሉት። ሕፃኑ በሸክላ ማሰሮ ተደርጎ ከመቃብሩ አጥር ውጭ ተቀበረ። እነሱም ስጦታቸውን ይዘው ተመለሱ።

አምሳሉ፣ ያ ባላባት እኔ ነኝ። አርባው ቀን ሲደርስ፣ ኮሎኔሉ ክርስትና ያንሡት፣ ስምም እሳቸው ያውጡለት ብዬ ቄሱን መለስኩ፤ ኮሎኔሉ ግን መኪና አጣሁ ብለው ቀሩ። ልጄ ሳይጠመቅ ሄደ፤ ፍትሐትም አልተደረገለትም። ኮሎኔሉ በማግሥቱ ለለቅሶ ደረሱ። ለክርስትናው ያጡትን መኪና ለለቅሶው አላጡም። የአንተ ልጅ አርባው ሐሙስ ነው። ሐሙስ አስጠምቀው፤ ሌላ ሰው ከጠፋ ጎረቤትህ ክርስትና ያንሣው።

የእኔ ልጅ በሞተበት ቀን ጠዋት ደክሞ ተኝቶ ነበር። ስም ስላልነበረው «ማሙሽ» አልኩት። ዓይኑን ገለጠና ወደ ድምፄ ዞረ።