ለጥየቃ የመጣው አምባዛ

«እምቢ ማለት የማይሆንለት አንድ ሰው ነበረ» ብለው ጀመሩ እማሆይ ሐመረ ወርቅ፣ ወይዘሮ ስንዱ ገና የነጠላዋን ጫፍ ከዓይኗ ላይ ሳታነሳ።

ወይዘሮ ስንዱ ወላጅ የሌላቸውን ሴቶች ልጆች ሰብስባ በቤቷ የምታሳድግ ሴት ናት። የባሏ ታላቅ ወንድም ጎረምሳ ልጁን እሷ ዘንድ ሊያስቀምጥ ወስኗል። ጎረምሳው ግልፍተኛ ነው፤ ከነበረበት ዘመድ ቤት የወጣውም የቤቱን ሴት ልጅ ደብድቦ ነው። የሚመጣው ቅዳሜ ነው። «ልጆቹ ገና ስሙን ሲሰሙ ይደነግጣሉ» አለቻቸው። «ግን እማሆይ፣ ዘመድን ከደጅ መመለስ ኃጢአት አይደለም ወይ? ምን ብዬ እምቢ እላለሁ?»

እማሆይ ሲቆጡ መቁጠሪያቸውን በመዳፋቸው ይጨብጣሉ። ያን ጊዜም ጨበጡት። ታሪኩን የጀመሩት ከዚያ በኋላ ነው።

ሰውዬው የሚኖረው ሐይቅ ዳር ባለች ከተማ ነው። ሚስቱ ከደረጃ ወድቃ ወገቧ ተሰብሮ አልጋ ላይ ውላለች። ሐኪሞቹ «ትድኛለሽ፣ ጊዜ ግን ይፈልጋል» ብለዋት ነበር። እሷ ግን ተስፋ ቆረጠች። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ መብላቱንም መናገሩንም ተወችው። ባልየው የሚያደርገው ጠፋው። በመጨረሻ «ከግድግዳ በቀር አላይም ካለች፣ ግድግዳው ሥር የምታየው ነገር ላስቀምጥላት» ብሎ አሰበና አኳሪየም የሚሉትን የዓሣ ማኖሪያ የመስታወት ገንዳ ሊገዛ የጌጥ ዓሣ ሻጭ ዘንድ ሄደ።

ዓሣ ሻጯ ኮስተር ያለች ሴት ነበረች። ሰውዬው ገና ከመግባቱ ውሃ ውስጥ አየር የሚነፋ ጉልበተኛ ፓምፕ ሲያነሳ አየችውና «ቆይ እንጂ የኔ ጌታ! መጀመሪያ እነማን እንደሚኖሩበት እንወስን፤ ዕቃውን ከዚያ በኋላ ነው የምንመርጠው» አለችው። ለማን እንደሆነ ሲነግራት ግን ፊቷ ፈታ አለ። ረጋ ያሉ፣ ሞቅ ያለ ውሃ የሚወዱ ትንንሽ ዓሦች መረጠችለት። ውሃውን ሳያናውጥ የሚያጠራ ማጣሪያ፣ ማሞቂያ፣ መሸሸጊያ የሚሆን ተክልና ድንጋይም ሰጠችው። ማጣሪያው በደንብ ሥራ እስኪጀምር ድረስ ዓሦቹን እሷው ዘንድ አቆየችለት። ከመካከላቸው አንዷ ነጭ ነበረች፤ ጭራዋ እንደ ቬሎ ከኋላዋ ይጎተታል።

«ሌላ ዓሣ መጨመር ካማረህ መጀመሪያ እኔን ጠይቀኝ» አለችው ስትሸኘው። «ዓሣ ሁሉ አንድ ላይ አይኖርም።»

ሚስትየዋ መጀመሪያ ዝም ብላ አየች። ሰነባብታ ነጯን ዓሣ «ሙሽራዬ» አለቻት። አንድ ጠዋት ደግሞ ሙሽራዋ ምግቧን ስትለቃቅም አይታ «ለእኔስ ቁርስ የለም?» ብላ ጠየቀች። ባልየው ማድ ቤት ገብቶ በደስታ አለቀሰ።

ወሬው ሰፈሩን አዳረሰ። የታመመ ሊጠይቅ የሚመጣ ሰው ባዶ እጁን እንደማይመጣ መቼም ታውቂያለሽ፣ ልጄ። ብርቱካን ይይዛል፣ ዳቦ ይይዛል። አሁን ግን ሁሉም ዓሣ በፌስታል ውሃ አንጠልጥሎ ይመጣ ጀመር። ጎረቤቲቱ ቀዝቃዛ ውሃ የሚስማማው ወርቃማ ዓሣ አመጣች። የእድሩ ዳኛ የሌላውን ጭራ መንከስ የሚወድ ባለ ጥቁር መስመር ዓሣ ይዘው መጡ። ሰውዬው የሻጯ ነገር ትዝ ሳይለው ቀርቶ አይደለም። ግን ምን ይበል? «እግዜር ይስጥልኝ» እያለ ይቀበላል፤ ጠያቂው እያየው ገንዳው ውስጥ ይጨምራል።

ውሃው ደፈረሰ። ሰውዬው ዓሦቹን እንዳይቀንስ ይሉኝታ ያዘውና የማጣሪያውን ፓምፕ ቀየረው። ያንን ጉልበተኛውን ገዛ። አረፋው ገንዳውን ያምሰው፣ ሙሽራዋንም ከመስታወቱ ጋር ያላትማት ገባ። ለወርቃማው ብሎ ማሞቂያውን ሲቀንስ ትንንሾቹ ይደነዝዛሉ፤ ለትንንሾቹ ብሎ ሲጨምር ወርቃማው ይጨነቃል። ያ የዋህ ማሞቂያውን እየጠመዘዘ ይውላል እንጂ፣ አንዱንም ስጦታ ለባለቤቱ መመለስ አልሆነለትም።

በዚህ መሃል ታላቅ ወንድሙ መጣ። እንደ አባት ሆኖ ያሳደገው ሰው ነው። ከሐይቁ ጣት የሚያህል አምባዛ ይዞ «የአገር ዓሣ ማለት ይሄ ነው! ያንተማ ወረቀት ይመስላሉ!» እያለ በገዛ እጁ ገንዳው ውስጥ ለቀቀው።

ሰውዬው ሻጯ ዘንድ ሮጦ ሄዶ ነገራት። «ዛሬውኑ አውጣው» አለችው። «አምባዛ አፉ የቻለውን ሁሉ ይውጣል። ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ተፈጥሮው ነው። ሐይቁ ይበቃዋል፣ ያንተ መስታወት ግን አይበቃውም።»

«ወንድሜ ይቀየመኛል።»

«የታመመው ወንድምህ ነው እንዴ?» አለችው።

እየተቆጣ ወጣ። አምባዛውንም አላወጣም።

አምባዛው አደገ። ትንንሾቹ ዓሦች ይጎድሉ ጀመር። ሚስትየዋ «ሰማያዊዋ የት ሄደች?» ስትለው «ድንጋዩ ሥር ናት» ይላታል። እሷም ድንጋዩን ስታይ ትውላለች። አንድ ቀን ግን እጁን ያዘችው። «የሆነው ሁሉ ይሁን። ሙሽራዬን ብቻ ጠብቅልኝ» አለችው። «እሺ» አላት። እሺ እንዳላት ልብ በይ። በልቡ ግን «ጋሼ እሁድ ሊጠይቃት ይመጣል። አምባዛውን አይቶ ይሂድ፤ ከዚያ በኋላ አወጣዋለሁ» ይል ነበር።

እሁድ ከሰዓት ወንድሙ መጣና ወንበር ስቦ ገንዳው ፊት ተቀመጠ። ሻይ ቀረበለት። ስለ አምባዛው ውፍረት እያደነቀ ሳለ መብራት ጠፋ። ፓምፑ ዝም አለ። ያ ሁሉ ዓሣ የታጨቀበት ውሃ አየር ሲያጥረው ጊዜ አልፈጀበትም። ዓሦቹ አንድ በአንድ ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን ይከፍቱ ጀመር። ሙሽራዋም ጭራዋ ተነካክሶ፣ ከተሸሸገችበት ተክል ወጥታ ከእነሱ ጋር ተንሳፈፈች። አምባዛ ግን ከውሃ ውጭ ያለውንም አየር መሳብ ይችላል፤ ምንም አልመሰለውም። ከድንጋዩ ሥር ወጣና ከሥሯ ይዞር ጀመር።

ዓሣ ማውጫው መረብ ገንዳው ጎን ተሰቅሏል። ሚስትየዋ ባሏን አየችው።

«አውጣው» አለችው ቀስ ብላ።

እጁን ወደ መረቡ ሰደደ። «ተወው እስቲ፣ ሲንቀሳቀስ እንየው!» አለ ወንድሙ እየሳቀ። የሰውዬው እጅ አየር ላይ ቀረ። የወንድሙን ስጦታ በወንድሙ ፊት እንደ ጉድፍ ጨልፎ ማውጣት ከበደው። ሻዩን ጠጥቶ እስኪሄድ ነው፣ ትንሽ ነው፣ ብሎ አሰበ። እጁን መለሰና «ጋሼ፣ ሻዩ እንዳይቀዘቅዝብዎ» አለ።

አምባዛው አፉን ከፈተ። ነጩ ጭራ ለአፍታ ከከንፈሩ ውጭ ታየ። ከዚያ እሱም ገባ።

ወንድምየው ብርጭቆውን አስቀምጦ ብድግ አለ። «ምን ጉድ ነው! ምነው ቀድመህ ብትነግረኝ?» አለ ደንግጦ። «ሐይቅ እመልሰው አልነበረም እንዴ?» ወዲያውም አምባዛውን በባልዲ አድርጎ ይዞት ሄደ። አምባዛው ዛሬም ሐይቁ ውስጥ ደህና ይኖር ይሆናል።

ሚስትየዋ አላለቀሰችም። «አምባዛው ርቦት በላ፤ እሱን አልቀየምም» አለችው። «አንተ ግን ቆመህ ታይ ነበር።» ይህን ብላ ወገቧ እያመማት ከገንዳውም ከእሱም ፊቷን አዞረች።

እማሆይ መቁጠሪያቸውን ጭናቸው ላይ አስቀመጡና ወይዘሮ ስንዱን ትክ ብለው አዩዋት።

«ልጄ፣ ቤትሽ ያ መስታወት ነው» አሏት። «እነዚያ ልጆች ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ነበር የመጡልሽ። አሁን ቁርስ የሚጠይቁት በስንት መከራ ነው? ጎረምሳው ሰይጣን ነው አላልኩሽም። እሱም ቦታ ያስፈልገዋል፤ ሥራ የሚያሠሩትና የሚገሥጹት ወንዶች ያሉበት ቦታ። ፈልጊለት፤ እኔም አብሬሽ እፈልጋለሁ። ጨርሶ ብትጥዪው ነው ኃጢአቱ። ከልጆቹ ጋር አላኖረውም ማለት ኃጢአት አይደለም።»

«የባሌ ወንድም ይቀየመኛላ!» አለች ወይዘሮ ስንዱ።

«ይቀየም! ወይም ‹ምነው ቀድመሽ ብትነግሪኝ› ይልሽ ይሆናል። ሳትነግሪው በምን ታውቂያለሽ? ቅዳሜ በሩን ከፍተሽለት እጁን ከልጆቹ በአንዷ ላይ ያነሳ ቀን ግን፣ ልጆቹ እሱን አያዩም። አንቺን ነው የሚያዩት። በይ አሁን ስልክሽን አውጪና እዚሁ እፊቴ ደውዪለት።»