የትብለጥ ሣርና ያልወረዱት ድንጋዮች

የበደላችሁት ሰው ዛሬ ይቅር ቢላችሁ፣ ነገ ጠዋት የመጀመሪያ ሥራችሁ ምን ይሆናል? የሸንቆጥ ሰዎች ለዚህ ጥያቄ አንድ ጊዜ መልስ ሰጥተዋል፤ እደርስበታለሁ።

ከሸንቆጥ ዳገት ሥር ቆሞ ሽቅብ የሚመለከት ሰው ሁለት ነገር ያያል። አንደኛው ከአፋፉ እስከ ወንዙ የሚወርድ፣ ጥማድ በሬ የሚያዞር ስፋት ያለው የሣር መስመር ነው፤ ግራና ቀኙ ሲታረስ እሱ አይታረስም፤ የትብለጥ ሣር ይባላል። ሁለተኛው ከእርከኖቹ ሁሉ በላይ አፋፉ ሥር ያለው ካብ ነው። የሌሎቹ እርከኖች ድንጋይ ትልቅም ትንሽም ሲሆን የዚህኛው ግን እያንዳንዱ ድንጋይ አንድ ሰው በማጅራቱ ሊሸከመው የሚችለውን ያህል ነው።

ሽማግሌዎች እንደሚተርኩት፣ በጥንት ጊዜ የሸንቆጥ ሰው ዳገቱን እስከ አፋፉ አርሶት ስለነበር፣ ክረምት በመጣ ቁጥር አፈሩ እየተንሸራተተ ወንዝ ይገባ ነበር። ማካፋት ሲጀምር ሰው የያዘውን ጉርሻ አስቀምጦ መሬቱን ያዳምጥ ነበር ይባላል። በአንድ ነሐሴ ናዳ አምስት ቤት ከነሰዉ ወሰደ። ያን ጊዜ ከቆላ ሰይድ የሚባል አርጎባ ካብ ሠሪ አስመጡና በጋውን ሙሉ በአግድም እርከን ሲሠሩ ከረሙ። ሥራው ሲያልቅ ሰይድ ዳገቱን ከላይ እስከ ታች ተመልክቶ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ።

«ካቡ መልካም ነው። ውሃው በማን በኩል ይወርዳል?»

ከካብ ጀርባ የታቆረ ውሃ ካቡን እንደሚገለብጠው፣ ስለዚህም ሣር የለበሰ፣ ማረሻ የማይገባበት መፋሰሻ እንደሚያስፈልግ ሰይድ ደጋግሞ አስረዳቸው። ነገሩ የገባው ሁሉ ግን ያን ያህል ርስት ከራሱ ማሳ ላይ መቁረጥ አልፈለገም። ውሃው በጎረቤቴ በኩል መንገድ ያገኛል እያለ እያንዳንዱ ማሳውን እስከ ዳር አረሰ፤ የመጀመሪያው የሰኔ ዝናብም ሦስት እርከን ገልብጦ ጣለ።

በዳገቱ መሐል፣ ጎድጎድ ባለው ቦታ፣ ከአፋፍ እስከ ወንዝ የሚወርድ አንድ ቀጭን ማሳ ነበር። ባለቤቷ ትብለጥ የምትባል፣ ባሏ የሞተባት፣ ከአንዲት ሴት ልጇ በቀር ሰው የሌላት ሴት ነበረች፤ ከዚያ ማሳ ሌላም የምትበላበት መሬት አልነበራትም። ጭቃ ሹሙ ዘገየ የመንደሩን አባወራዎች ሁሉ አስከትሎ ደጇ ሄደ። ማሳዋን ለውሃው ብትለቅ ሁሉም ከየርስቱ አንድ አንድ ትልም ቆርጦ ሊሰጣት በሚካኤል ስም ማሉ።

«ውሃው ዘንድሮ ይወርዳል» አለች ትብለጥ። «የእኔ ትልምስ?»

«እህሉ እንደተነሳ» አላት ዘገየ።

ማሳዋን ለቀቀች፤ ያን ክረምትም ዳገቱ ሳይናድ ቆመ። እህሉ ሲነሳ ትብለጥ ልጇን አስከትላ ትልሞቿን ልትረከብ ወጣች። የላይኛው ማሳ ባለቤት «ከታች ጀምሪ» አላት፤ የታችኛው «ከላይ ጀምሪ፣ የእነሱ ይሰፋል» አላት። እንዲህ ስትወጣና ስትወርድ ውላ ዘገየ ደጅ ደረሰች።

«እመት ትብለጥ» አላት ዘገየ ከተቀመጠበት ሳይነሳ፣ «መሬትሽን የወሰደው ውሃ ነው። ውሃውን ክሰሺ።»

አጠገቡ የነበሩት ሳቁ። ሽማግሌዎቹ ሲተርኩ ሳቁን ይዘሉታል፤ እኔ የሰማሁት ከእናቴ ነው።

ትብለጥ ለሰው ጥጥ እየፈተለች፣ ግማሹን ቀን እየጾመች ልጇን አሳደገች። በስድስተኛው ዓመት አፋፉ ላይ ክንድ የሚያስገባ ስንጥቅ ታየ። ሰዉ መሐላው ነው ብሎ ተሸበረ። እንደ አገሩ ልማድ እያንዳንዱ አባወራ በማጅራቱ ድንጋይ ተሸክሞ ደጇ ሄዶ ተንበረከከ፤ የተበደለው ሰው «ይቅር ብያለሁ፣ አውርዱ» እስኪል ድንጋዩ አይወርድምና። ትብለጥ እንዝርቷን አላቆመችም ይባላል።

«ትልሙን ልንሰጥሽ መጥተናል» አላት ዘገየ።

«ልጄ ስትራብ ነበር የምወስደው።»

«ድንጋዩንስ እስከ መቼ እንሸከመው?»

«እኔ ደጅ አታውርዱት። የተሰነጠቀው አፋፍ ሥር ውሰዱት፤ እዚያ እንኳ ይጠቅማል።»

ወሰዱት፤ ደረደሩት፤ ስንጥቁም ከዚያ ወዲያ አልሰፋም። ትብለጥ ይቅር ሳትል ሞተች። ይቅር ያልተባለበትን መሬት ማረስ የደፈረ ስላልነበረ ሣሩ ሥር ሰደደ። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ግንቦት ሲያልቅ የሸንቆጥ አባወራዎች ድንጋይ ተሸክመው ከትብለጥ ዘር ወደሆነች ሴት ደጅ ይመጣሉ፤ እሷም እምቢ ትላለች፤ ድንጋዩም አፋፍ ይወጣል።

ሽማግሌዎቹ ታሪኩን እዚህ ላይ ያቆሙታል። እናቴን አያነሷትም። እናቴ ሆደ ቡቡ ነበረች፤ አንድ ግንቦት የአንድ ሽማግሌ አንገት ሲንቀጠቀጥ አይታ «ይቅር ብያለሁ፣ አውርዱ» አለች። ደጃችን ላይ አወረዱ፤ አለቀሱ፤ እጇን ስመው መረቋት። በማግስቱ ጠዋት የትብለጥ ሣር ውስጥ ሦስት ጥማድ በሬ ነበር። በሐምሌ ዳገቱ ወረደ፤ ያገኘውም የእኛን ቤት ከነእናቴ ነው። እኔ ከተማ ትምህርት ቤት ነበርኩ። ከዚያ በኋላ ፈርተው ሣሩን ተዉት፤ የሚጠይቋት ሴት ስላልነበረች ግን ካቡ ላይ ድንጋይ የጨመረ የለም።

ከአርባ ሰባት ዓመት በኋላ ተመለስኩ። በሄድኩበት አገር ሁሉ መሬት እንዴት እንደሚሸረሸርና እንዴት እንደሚያዝ የተጻፈውን ፈልጌ አነበብኩ፤ ሰይድ ከጠየቀው የተሻለ ጥያቄ አላገኘሁም። አፋፉ ላይ ስንጥቁ እንደገና ተከፍቷል፤ እጄን አስገብቼ ለካሁት። ባለፈው ግንቦት መጨረሻ ድንጋይ ተሸክመው ደጄ ተንበረከኩ። ከፊት የነበረው ታምሬ የሚባል የዘገየ ዘር ነው።

«እትዬ» አለኝ፣ «አንቺ የተማርሽ ሰው ነሽ። ይሄ የድሮ ነገር አይበቃም?»

«በሬዎቹን የት አሰራችኋቸው?» አልኩት።

ከኋላ አንድ ሽማግሌ ድንጋዩን እያስተካከለ «ሣሩ ዳር» አለ፤ ታምሬ ዞር ብሎ ገላመጠው።

ድንጋዮቹ አሁን አፋፉ ሥር ናቸው። ሰማዩ ከትናንት ጀምሮ ያጉረመርማል፤ ሣሩ ከደጄ ይታየኛል፤ አልታረሰም። ዘገየን ይቅር አላልኩም። የሳቁትን፣ ሣሩን ያረሱትን፣ አልቅሰው የመረቁትን ይቅር አላልኩም። እናቴንም ይቅር አላልኩም። ማንንም ይቅር አልልም።