የሁለት ሰው መጋዝ

ይህን ታሪክ ከመጀመሬ በፊት ጀማዓው አውፍ ይበለኝ። ስለ ሐቀኝነት ተናገር ብባል ትዝ ያለኝ የአንድ መጋዝ ነገር ብቻ ነው፤ ለከበረ ርዕስ መጋዝ እንደማይመጥን አውቃለሁ። በዚያ ላይ የነገሩኝ ሰዎች በብዙ ነገር አይስማሙም፤ እኔም የቱን ከማን እንደሰማሁ ተምታቶብኛል። ስህተት ከተገኘ የእኔ ነው፤ ትምህርት ከተገኘ ከአላህ ነው።

ስሟን በማልጠራት አንዲት ጥንታዊ ከተማ ሼህ ቡሽራ የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ። ሰላታቸው የማይታጎል፣ የሰውን ሐቅ እንደ ፍም የሚፈሩ ነበሩ። በሰባ ዓመታቸው ሐጅ ለማድረግ ኒያ አደረጉ። የሐጃጆቹ ቅፍለት ሐሙስ ሊነሳ ስለሆነ፣ እንደ ወጉ ከሰኞ ጀምረው በየቤቱ እየዞሩ «አውፍ በሉኝ» ብለው ይቅርታ መጠየቅ፣ በእጃቸው የቆየውንም አማና ለባለቤቱ መመለስ ያዙ። የሰው ሐቅ በአንገቱ ይዞ ካዕባን የሚዞር ሰው ድካሙ ከንቱ እንዳይሆንበት ይፈራልና።

አንድ ወንፊት፣ ሁለት ኪታብና አንድ የበቅሎ ልጓም ከመለሱ በኋላ ከአልጋቸው ሥር አንድ ነገር ቀረ፤ ከአባታቸው ቤት የመጣው ትልቁ መጋዝ።

ይህ መጋዝ ግንድ ወደ ጣውላ የሚሰነጠቅበት፣ በሁለቱም ጫፍ እጀታ ያለው ነው። ግንዱ ጉድጓድ አፍ ላይ ይጋደማል፤ አንዱ ከላይ ቆሞ ይስባል፣ ሌላው ጉድጓዱ ውስጥ ገብቶ ከታች ይስባል። ከታች ያለው ሰጋቱራ ሲዘንብበት ይውላል። በዚያች ከተማ ልማድ ከላይ የሚቆመው ባለ መጋዙ፣ ከታች የሚገባው ቅጥረኛው ነበር። የሼህ ቡሽራ አባት ኑርዬና ጎረቤታቸው ሽፋ በዚህ መጋዝ ዕድሜ ልካቸውን አብረው ሠርተዋል። መጋዙ የማን እንደነበር ግን ሁለቱም ሳይናገሩ ሞቱ፤ ኑርዬ ኋላ ስለሞቱ እሳቸው ቤት ቀረ።

ሼሁ መጋዙን ሲያወጡት አባታቸው ፊታቸው ላይ ድቅን አሉ። በልጅነታቸው ቁርስ ይዘው ሲሄዱ አባታቸው ከጉድጓዱ ብቅ ይሉ ነበር፤ ቅንድባቸው ሳይቀር ነጥቶ። ሲስሟቸው ሰጋቱራው አፋቸው ውስጥ ይገባ ነበር። እናታቸውም ማታ ማታ «እኔ ያገባሁት ሰው ነው ወይስ የዱቄት ጆንያ?» ይሉ ነበር። ሼሁ እንባቸውን ጠረጉ። «አባቴ ከታች ከነበሩ ባለ መጋዙ ሽፋ ናቸው» አሉና ተሸክመውት ወደ ሽፋ ልጅ ወደ ጦለሃ ሄዱ። ጦለሃ የሚስታቸው የሉባባ ታናሽ ወንድም ነው።

«ይኸው የአባትህ መጋዝ። ሠላሳ ዓመት አስቀምጬብሃለሁና አውፍ በለኝ።»

ጦለሃ እጁን ወደ ኋላው ሸሸገ። «ምን ሲደረግ! እኔ ምሳ ይዤ ስሄድ አባቴን የማገኘው ጉድጓድ ውስጥ ነበር። መጋዙ የእናንተ ነው።»

«አባቴን ከታች በዓይኔ አይቻለሁ!»

«እኔም አባቴን በዓይኔ አይቻለሁ! ታዲያ ከላይ የነበረው ማነው፣ ጂኒ?»

«ጦለሃ፣ መንገደኛ ነኝ፤ አታስጨንቀኝ።»

«እርስዎ መካ ደርሰው ሊነጹ፣ እኔን ሐራም ሊያሳቅፉኝ? ወላሂ አልነካውም!»

ሼሁ መጋዙን ደጃፉ ላይ ጥለው ሄዱ። ንጋት ላይ ለሱብሒ ሰላት ሲወጡ ግን ከራሳቸው ደጃፍ ተጋድሞ አገኙት። ማክሰኞን መጋዙ በሁለቱ ቤት መካከል ሲመላለስ ዋለ። ንብረቴን ቀማኝ የሚል እንጂ ንብረት ሰጠኝ ብሎ የሚጮህ ታይቶ ስለማይታወቅ ከተማው ተደነቀ፤ መስጊዱ በር ላይም ከሁለቱ አላህን አብልጦ የሚፈራው ማን እንደሆነ ሲከራከሩ ሰዎች ሊደባደቡ ደረሱ። ረቡዕ ነገሩ ቃዲው ዘንድ ቀረበ።

ቃዲው ሁለቱንም ሰምተው ግራ ገባቸው። «ሁለት ሰው ከታች ሆኖ ግንድ እንዴት ይሰነጠቃል?»

ሉባባ መጋዙ የት ተቀምጦ እንደኖረ ለመመስከር መጥተው በሩ አጠገብ ተቀምጠዋል። «ይቀያየሩ ነበር» አሉ። «ጠዋት ኑርዬ ከታች፣ ከዙህር በኋላ አባቴ ከታች። ሼሁ ቁርስ ነው የሚያደርሱት፣ ጦለሃ ምሳ። እኔ ውኃ ሳመላልስ ስለምውል ሁለቱንም አያለሁ። መጋዙን የገዙት በጋራ ነው።»

«ሱብሐነላህ!» አሉ ሼሁ ወደ ሚስታቸው ዞረው። «ሦስት ቀን ሙሉ ስንነታረክ ለምን ዝም አልሽ?»

«ማን ጠየቀኝ?»

ቃዲው ተነፈሱ። «እንግዲያው ግማሹ የኑርዬ ልጅ ድርሻ፣ ግማሹ የሽፋ ልጆች ድርሻ ነው። ሽፋ ስንት ልጅ ትተዋል?»

«እኔን ብቻ» አለ ጦለሃ።

ሉባባ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ወንድ ማለቴ ነው።»

«እመት ሉባባ፣ ከአባትዎ ውርስ ምን ደረሰዎት?»

«ዛሬ የመጋዝ ጥርስ ሊደርሰኝ ነው መሰለኝ።»

«ሌላስ ምን ትተው ነበር?»

ወንዙ ዳር ያለው ሰፊ ማሳ የሽፋ እንደነበር የማያውቅ የለም፤ ጦለሃ ሠላሳ ዓመት ብቻውን ሲያርሰው ማንም ምንም አላለም። መጋዙን ያን ያህል የሸሸበት ምክንያት ያኔ ለአንዳንዱ ሰው ገባው፤ ከአባት ንብረት አንዱ ይከፈል ከተባለ ሌላውም ይከፈላል።

«ለማካፈል የማሳው የጥንት ድንበር ያስፈልጋል፤ የሚያውቅ አለ?» አሉ ቃዲው።

ከሚያውቁት በሕይወት ያለው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ሼህ ቡሽራ።

ጦለሃ ጠጋ ብሎ አንሾካሾከ። «ሼሁ፣ ቅፍለቱ ነገ ይነሳል። ሲመለሱ እንነጋገርበታለን። እኔ እንደሆነ አውፍ ብያለሁ፤ መጋዙንም በቃ ልውሰደው!»

ሼሁ ሚስታቸውን አዩ። ቤተሰብ እንዳይበተን ብለው ስለ እሷ ድርሻ ሠላሳ ዓመት ዝም ያሉት እሳቸው ነበሩ። ሦስት ቀን በየሰዉ ቤት አውፍ ሲለምኑ የራሳቸውን ቤት ዘለውታል።

«ሉባባ፣ አውፍ ትይኛለሽ?»

«ነገ የት እንደሚውሉ አይቼ።»

ሐሙስ ጠዋት ቅፍለቱ ያለ ሼህ ቡሽራ ሄደ። እሳቸው ከዘራቸውን ይዘው ማሳው ላይ ነበሩ፤ እዚህ ዋርካ ነበረ፣ እዚያ ድንጋይ ነበረ እያሉ ለቃዲው ሰዎች ያሳያሉ። የመጨረሻው የድንበር ድንጋይ ሲተከል ሉባባ ተጠግተው «አሁን አውፍ ብያለሁ» አሉ። መጋዙ ቃዲው ቤት ቀረ፤ ማንም መልሶ አልፈለገው። አንድ መንገደኛ ግን በማሳው ሲያልፍ «ሼሁ፣ ሐጁ አመለጠዎት እኮ!» ቢላቸው እንዲህ አሉት፦

«ካዕባ ከቦታው አይንቀሳቀስም፤ የጦለሃ ድንበር ግን በየዓመቱ ይንቀሳቀሳል።»

በዚህ ንግግር ላይ ብዙ አስቤበታለሁ። አንዳንዶች ወደ ሩቁ ኢባዳ ከመሄድ በፊት የቅርቡን ሐቅ ማለታቸው ነው ይላሉ። ለእኔ ለደካማው ግን ትምህርቱ የዕቃ አያያዝ ይመስለኛል። ያ መጋዝ በጊዜው ቢሸጥ ኖሮ ጦለሃ በሰላም ባረሰ፣ ሼሁ በቀጠሮአቸው ሐጅ ባደረጉ፣ ሉባባም በሶብራቸው፣ በዚያ ሁሉ ትዕግሥት፣ ከአላህ አጅር ባገኙ ነበር። ይህን ሳስብ ደስ ይለኛል፤ ትንሽ ቆይቼ ደግሞ ደስ አይለኝም፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም። አላሁ አዕለም።

ስለዚህ ጀማዓ፣ አደራችሁን፤ ታሪኩን ለማንም አትድገሙት። ከፊት ሰልፍ ከተቀመጡት ወንድሞቻችን ብዙዎቹ የአባታቸውን ማሳ የሚያርሱ የተከበሩ ሰዎች ናቸው፤ እህቶቻቸውም፣ አልሐምዱሊላህ፣ እስካሁን ይህን አልሰሙም።