እመት አህያ የቆፈረችው ውኃ

አንድ ጊዜ በቆላ ምድር ከግራሮች ሥር የሚፈልቅ ምንጭ ነበር። የአራት ቀን መንገድ ቢኬድ ሌላ ውኃ አይገኝም። አራዊቱም ምንጩን ፈጣሪ የሰጣቸው ነውና ይፈሩት ነበር። ከጥንት ጀምሮ የሚጠብቁት ሕግም ነበራቸው፤ በውኃው ዳር ማንም ማንንም አይነካም፣ ደካማውም ቀድሞ ይጠጣል። አንበሳ እንኳ ሚዳቋ ጠጥታ እስክትጨርስ ቆሞ ይጠብቃል።

ይህ ሕግ ጅብን ከበደው። ቀበሮም የጅብን ትርፍራፊ ተመኝቶ ወደ አንበሳ ሄደ። ሕጉ ለአያቶች ዘመን የወጣ እንደሆነ፣ ቢጣስም ፈጣሪ ወርዶ እንደማይቆጣ፣ ለጅብ ጥርስ የሰጠውም ራሱ ፈጣሪ እንደሆነ እያለሳለሰ ነገረው። አንበሳ አልፈቀደም፤ አልከለከለምም።

«እንደ ዘመኑ ኑሩ» ብሎ ተኛ።

በማግስቱ እመት አህያ ውርንጭላዋን አስከትላ ውኃ ወረደች። ጅብ ከቁጥቋጦ ወጣና ዓይኗ እያየ ልጇን በላባት። በዙሪያው የቆሙት ሁሉ ዝም አሉ።

ከዚያ ወዲያ ምንጩ ሰላም አጣ። ደካሞቹ መቅረብ ፈሩ፤ ብርቱዎቹ እርስ በርሳቸው ተናከሱ። ጅብማ የበላው አልበቃ ብሎት፣ ማንም እንዳይነካበት የተረፈውን ሥጋ ውኃው ውስጥ ይደብቅ ነበር። ከዚያው ውኃ እንደሚጠጣ አላሰበም። ወር ሳይሞላ ምንጩ ሸተተ፤ የጠጣ ሁሉ ታመመ፤ አንበሳም ታመመ።

እመት አህያ ግን በአቅራቢያው ወዳለ ደረቅ ወንዝ ሄዳ አሸዋውን በኮቴዋ ትቆፍር ጀመር። ሚዳቋ ምን እያደረገች እንደሆነ ብትጠይቃት፣ ፈጣሪ ፊቱን ጨርሶ አላዞረብንም ብላ መለሰችላት። ኮቴዋ ደማ፤ አላቆመችም። በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ አሸዋው ጠቆረ፣ ረጠበ፤ ከዚያ ንጹሕ ውኃ ከታች ቀስ እያለ መጣና ጉድጓዱን ሞላው። አራዊቱ ከየአቅጣጫው መጥተው ከበቡት። ሰማዩ በውኃው ውስጥ ይታይ ነበር።

በመጨረሻ ጅብ እየተንገዳገደ መጣ። አጥንቱ ይቆጠራል።

«እመት አህያ፣ ብጠጣ ትረግጪኛለሽ?» አላት።

እመት አህያ ከጉድጓዱ ዳር አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች።

«ልጄን በልተህብኛል» አለች፤ «መቼም አልረሳውም። ነገር ግን በውኃ ዳር ማንም ማንንም አይነካም። ዛሬ ከሁላችን ደካማው አንተ ነህና ቀድመህ ጠጣ።»

ጅብ ጠጣ። ለምን እንደማረችው አልገባውም፤ ቀና ሲል ግን ፊቷን ማየት አልቻለም። ቀበሮ ጅራቱን ወሽቆ ከኋላ ቆመ። አንበሳም ተነስቶ በአህያዋ ፊት አንገቱን ደፋ።

«ሕጉን ያፈረስኩት እኔ ነኝ» አለ፤ «መናገር ሲገባኝ ተኛሁ።»

ከዚያም ከትንሿ ወፍ ጀምረው በየተራቸው ጠጡ፤ ፈጣሪ ራሱ አጠገባቸው የቆመ ይመስል እያንዳንዱ እግሩን ቀስ አድርጎ ያነሳ ነበር። አንበሳ የጠጣው ከሁሉም በኋላ ነው።

ከዚህ የምንማረው ዘመን ተለወጠ ተብሎ የፈጣሪ ሕግ ሲጣል ዝም ያለ ሁሉ አብሮ እንደሚጎዳ፣ የወደቀውን ሕግ መልሶ የሚያቆመው ግን የተበደለ ልብ የሚያደርገው ምሕረት መሆኑን ነው።