ባለወፍጮው ያስታመመው ማሽን

አንድ ባለወፍጮ ነበረ። ጋሽ ይልቃል፣ ይስሙኝማ። በስልክ የላክሁልዎ ቮይስ ስለሆነ እንደ ትናንቱ መሀል ላይ አያቋርጡኝም፤ ተመስገን ነው። የእህቴ ባል ነዎት፣ አከብርዎታለሁ። ግን ትናንት ምሳ ላይ፣ በዛ ሁሉ ዘመድ ፊት፣ «ለበሽተኛው ማሽኑ ከተነፈሰለት እናንተ ነርሶች ምን ትሠራላችሁ?» ብለው ጠየቁኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ ጎርሼ ስለነበር ዝም አልኩ። አሁን ውጬዋለሁ።

እና አንድ ባለወፍጮ ነበረ። ሀብታም ነው፤ ሦስት ወፍጮ ቤት አለው። ከሰው ይልቅ ሞተር ያምናል። ሞተር አይዋሽም፣ አያኮርፍም፣ ልቅሶ አለብኝ ብሎ አይቀርም ይላል። ታዲያ የዚህ ሰውዬ ታናሽ ወንድም፣ በዚች ምድር ላይ የቀረው ያ አንድ ወንድሙ፣ ሳንባውን ታመመና ሆስፒታል ገባ። በራሱ መተንፈስ አቃተው። በአፉ በኩል ቱቦ አስገብተው አየር ከሚነፋ ማሽን ጋር አገናኙት፤ እንቅልፍ የሚያስወስድ መድኃኒት ሰጥተው አስተኙት። ሐኪሙ ለባለወፍጮው «ለጊዜው የሚተነፍስለት ማሽኑ ነው» አለው። በቃ! ሰውዬው ከዛ ወዲያ የተባለውን አንድም አልሰማም። ዕድሜውን ሙሉ የኖረው በአንድ ሕግ ነው፤ ጉዳይ ካለህ ዋናውን አናግር። ዋናው ማን እንደሆነ ደግሞ ይኸው ተነገረው።

ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ሲገባ መጀመሪያ ሰላም የሚለው ማሽኑን ሆነ።

«እንዴት አደርክ ጌታው? በርታ እንጂ!»

በመሀረቡ አቧራውን ይጠርግለታል። አቧራ የለበትም፤ ግን ይጠርግለታል። ጆሮውን ጎኑ ላይ ለጥፎ ያዳምጠውና፣ «ደህና ነው፣ አይንኳኳም» ብሎ ራሱን ይነቀንቃል። አንድ ቀን ነርሷን ጠራት።

«ሲስተር፣ ለዚህ ዘይት የተቀየረለት መቼ ነው?»

«ዘይት አይወስድም፣ ጋሼ።»

«ኧረ በሕግ! ዘይት የማይወስድ ሞተር የታለ? ሲቃጠልባችሁ ነው የምታውቁት!»

ነርሷን ግን ውሎ አድሮ ጠላት። ለምን? አታርፍማ። በየሁለት ሰዓቱ ወንድሙን ከጎን ወደ ጎን ታዞረዋለች።

«እሸት ነው እንዴ የምትጠብሺው?»

«ቆዳው እንዳይቆስል ነው።»

በትንሽ ብሩሽ ጥርሱንና ምላሱን ታጸዳለታለች።

«ምነው፣ ሰርግ ተጠርቷል?»

«የአፉ ቆሻሻ ሳንባው ከወረደ ሌላ በሽታ ይጨምርበታል።»

አክታውን ለመምጠጥ ቀጭን ቱቦ ወደ ውስጥ ስትሰድ ወንድሙን ያስለዋል፤ ፊቱ ይቀላል። ባለወፍጮው ያኔ ወደ ግድግዳው ዞሮ ጥርሱን ያፋጫል። ይባስ ብላ ደግሞ የተኛውን ሰው ታናግረዋለች። «አሁን በግራ ጎንዎ ላዞርዎት ነው፣ እሺ?»

«ማንን ነው እሺ የምትይው? ተኝቶ የለ?»

«ይሰማኝ ይሆናል ብዬ ነው።»

«እሱ ቢሰማማ፣ ከዚች ልጅ አስጥሉኝ ብሎ ይጮህ ነበር!»

ከሁሉም ያንገበገበው ግን አልጋው ነው። ራስጌው ሁልጊዜ ቀና እንዳለ ነው። ዝቅ አድርጊለት አላት። እሷም፣ በጀርባው ዝርግት ብሎ ከተኛ ከጨጓራው ሽቅብ የሚመጣው ነገር ወደ ሳንባው ይገባል አለችው። እሱ ምን ተዳው! «ወንድሜ የተኛው አውቶቢስ ውስጥ ነው እንዴ፣ ቁጭ ብሎ የሚያንቀላፋው?» እያለ ለጠያቂው ሁሉ ስሞታ ያሰማል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ነርሷ ጎን ያለውን በሽተኛ ልታዞር ጀርባዋን ሰጠች። ባለወፍጮው ጊዜው አሁን ነው አለ። ጎንበስ ብሎ የአልጋውን ማዞሪያ አገኘና ቀስ፣ ቀስ እያደረገ ራስጌውን እስከ መጨረሻው አወረደው። ከቤት ያመጣውን ጋቢ እስከ አገጩ ድረስ ሳበለት። ከማሽኑ የመጣው ቱቦ እዛ ሲንዘላዘል ደግሞ ዓይኑን አልሞላውም፤ የሱ ወፍጮ ቤት እንዲህ ያለ ዝርክርክ አያውቅም። እጥፍ አድርጎ ትከሻው ሥር ወሸቀው። ከዛ አንድ እርምጃ ራቅ ብሎ ወንድሙን አየና፣ «ይኸው! አሁን ሰው መሰልክ» አለ።

ማሽኑ ጮኸ።

እንዴት ያለ ጩኸት መሰለዎት! ቀዩ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል። ባለወፍጮው ክው አለና ወደ ዋናው ዞረ።

«ምን ሆነሃል? ንፋ!»

ማሽኑ ይጮሃል።

«ንፋ እንጂ! እስከ ዛሬ ስትነፋ አልነበር?»

ይጮሃል። ወፍጮው ሲያስቸግረው እንደሚያደርገው ጎኑን በጥፊ አለው። ይጮሃል! ወደ ወንድሙ ቢዞር ከንፈሩ እየጠቆረ ነው። ያ ሁሉ ሰው የሚፈራው ሀብታም፣ በማሽኑ ጎማዎች ፊት ሊንበረከክ ትንሽ ቀረው። «የኔ ጌታ፣ አንድ ወንድሜን!» አለው። ለማሽን እኮ ነው!

ነርሷ ደረሰች። ያየችው ማሽኑን አይደለም፤ የበሽተኛውን ደረት ነው። አይነሳም። ጋቢውን ገፍፋ ጣለች፤ የታጠፈውን ቱቦ አቃናች፤ ራስጌውን ቀና አደረገች። ደረቱ አሁንም በቅጡ አይነሳም። ማሽኑን ከቱቦው ላይ ነቀለችና፣ በእጅ የሚጨመቀውን የአየር ፊኛ ገጥማ ሁለት ሦስቴ ጨመቀች። ፊኛው ጠጠር አለባት፤ የሆነ ነገር መንገዱን ዘግቷል ማለት ነው። ፊኛውን ለባለወፍጮው አስጨበጠችው።

«ይጭመቁ!»

«እኔ?»

«ሌላ ማን አለ? ይጭመቁ... ይልቀቁ። ደግሞ ይጭመቁ። ኧረ ቀስ! የመኪና ጎማ አይደለም የሚነፉት!»

ባለወፍጮው ጨመቀ። ላቡ በአፍንጫው ይንጠባጠባል። እሷ በዛች ቅጽበት ጓንቷን አጥልቃ ቀጭኑን ቱቦ አዘጋጀች፤ «ያቁሙ» አለችው፤ ሰደደችና መጠጠች። እንደ ሙጫ የረጋ አክታ ወጣ።

«አሁን።»

ጨመቀ። ደረቱ ከፍ አለ። ደግሞ ጨመቀ። ከንፈሩ ቀስ በቀስ ወደ ቀለሙ ተመለሰ። ባለወፍጮው እንባው ይወርዳል፤ እጁ ግን አልቆመም። ማሽኑ በበኩሉ ሥራ ፈትቶ ዳር ቆሞ አሁንም ይጮሃል።

«ይሄስ ዝም አይልም? ምን ሁን ነው የሚለው?» አለ ሰውዬው እየጨመቀ።

«እርስዎን ምንም አላለም። እኔን ነው የሚጠራው።»

ይሄን ብላ ማሽኑን መልሳ ገጠመችው። ዝም አለ። እሷም ትንፋሹን በጆሮ ማዳመጫዋ በግራም በቀኝም አዳመጠች፤ ቱቦው ካለበት አለመንቀሳቀሱን አየች፤ ከዛ ያቺን ብሩሿን አንስታ የበሽተኛውን አፍ ማጽዳት ጀመረች። ቁጣ የለ፣ ስድብ የለ። እኔ ብሆን ሰውዬውን በጋቢው ጠቅልዬ በመስኮት ነበር የምወረውረው።

ባለወፍጮው ወንበር ላይ ዘፍ አለ። የወፍጮ ሰው ነውና ነገሩ ገባው። ድንጋዩ እህል ሲያልቅበት እንዴት እንደሚያጓራ ያውቃል። ሲያጓራ ሞተሩ ተነስቶ እህል አያመጣም፤ ቁና ይዞ የሚሮጥ ሰው አለ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ጩኸቱን ሲሰማ ኖሮ፣ የሚሮጠውን ሰው ልብ ብሎ አይቶት አያውቅም ነበር። ተነሳና እጁን ታጠበ። «ሲስተር» አላት፣ «ስታዞሪው በየት በኩል ልያዝልሽ?»

ወንድሙ በሳምንቱ ቱቦው ወጣለት። በራሱ ተነፈሰ።

ጋሽ ይልቃል፣ ባለወፍጮው እርስዎ ነዎት። ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ግን ነዎት። ማሽኑ ይተነፍሳል ያሉት እውነት ነው፤ ጎበዝ ነው፣ አልካድኩም። ነገር ግን አክታ አይጠርግም፣ ጎን አያዞርም፣ የታጠፈ ቱቦ አያቃናም፤ የተኛ ሰው ይሰማኝ ይሆናል ብሎም አያስብም። የሚያውቀው ሁለት ነገር ነው፤ መንፋትና፣ ሲጨንቀው መጣራት። ምን ትሠራላችሁ ላሉኝ፣ ሲጣራ «አቤት» የምንለው እኛ ነን።