የጉርማ ድልድይ ልሙጥ ድንጋይ

ወደ ቆላው የሚወርድ መንገደኛ ጉርማ ወንዝ ላይ ሲደርስ የሚሻገርበት አንድ አሮጌ የድንጋይ ድልድይ አለ። በግንቡ ላይ ያሉት ድንጋዮች ሁሉ የጠራቢያቸው ምልክት ተቀርጾባቸዋል፤ አንዱ የአሞራ እግር ይመስላል፣ አንዱ ቀንበር፣ አንዱ የተከፈለ ቀለበት። ከቅስቱ አናት ላይ ገብቶ ግራና ቀኙን አያይዞ የያዘው መዝጊያ ድንጋይ ብቻ ልሙጥ ነው። የአገሩ ግንበኞች ምክንያቱን ሲጠየቁ ከአባቶቻቸው የሰሙትን ይናገራሉ።

እንደሚነገረው፣ በዚያ ዘመን የግንበኞቹ ማኅበር አለቃ እንግዳሸት የሚባል በዕድሜ የገፋ ሰው ነበር። በማኅበሩ ሥርዓት አንድ ጠራቢ ወንድም ተብሎ ሲገባ የራሱ ምልክት ይሰጠዋል፤ ድንጋዩ ቢያምር ይመሰገንበታል፣ ቢከፋ ይጠየቅበታል። ምልክት ያልተገኘበት ድንጋይ ግን የአለቃው ነው፤ የሚጠየቅበትም እሱ ነው።

ከጠራቢዎቹ መካከል ላቀው የሚባል ነበረ። እንግዳሸት ከዓመታት በፊት በአንድ ቤተ ክርስቲያን ሥራ ላይ የላቀውን ድንጋይ በሰው ፊት አይረባም ብሎ አስጥሎበት ነበርና፣ ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ከሥራ ጉዳይ በቀር አይነጋገሩም። ቢሆንም የጉርማን ቅስት የሚዘጋው ድንጋይ ሲመረጥ ላቀው ከጠረበው የሚሻል ጠፋ፤ እንግዳሸትም ያንኑ አስገባው።

ኖራው ገና እርጥብ ሳለ የአገሩ ገዥ መጣ። ቅስቱን ከሥር ደግፎ የያዘው የእንጨት ርብራብ እንዲነሣ አዘዘ፤ የወንድሙ ልጅ ሙሽሪቱን ይዞ ይሻገርበታልና።

«ጌታዬ፣ ኖራው አልጠናም» አለ እንግዳሸት።

«ሙሽራ ኖራ አይጠብቅም» አለው ገዥው።

እንግዳሸት ሁለተኛ አልተናገረም። ክረምቱን ሙሉ ወንዝ ውስጥ ቆሞ ከርሞ ጉልበቱ አብጦ ነበር፤ ሌሊት እንቅልፍ፣ ቀን ምግብ እምቢ ብሎት ነበር። መከራከር እንደ ተራራ ታየውና አንገቱን ደፍቶ ዞር አለ ይባላል። እንጨቱ ተነሣ። ሙሽራው ከአጃቢዎቹ ጋር መሐል ሲደርስ ድልድዩ ተናደ፤ ሙሽሪት ወደ ኋላ ቀርታ ስለ ነበር ተረፈች፣ እሱና አብረውት የነበሩት ግን በውሃው ቀሩ።

ገዥው ካለቀሰ በኋላ የመዝጊያው ድንጋይ ጠራቢ ማን እንደ ሆነ ጠየቀ። ማንም አፉን አልከፈተም። ያን ጊዜ ድንጋዩን ፈልጎ ምልክቱን እንዲያነብለት እንግዳሸትን ወደ ወንዙ ላከው።

እንግዳሸት ድንጋዩን አሸዋ ላይ አገኘው። የላቀው ምልክት፣ የአሞራው እግር፣ ጭረት እንኳ አልነካውም። ሽማግሌው ድንጋዩ ላይ ተቀመጠ። ድልድዩን ያፈረሰው ድንጋዩ አይደለም፤ ያፈረሰው ሁለተኛ ያልተነገረው ቃል ነው። ይህን አስቦ ከወገቡ መሮውን አወጣ፤ የውሃው ድምፅ መዶሻውን ሸፈነለት።

ሲመለስ «ምልክት የለውም» አለ። ገዥው የማኅበሩን ሥርዓት ያውቅ ነበርና የእንግዳሸት መሮና መዶሻ ወንዝ እንዲጣል፣ ከዚያ በኋላም ድንጋይ ሲጠርብ ከተገኘ እጁ እንዲቆረጥ ፈረደበት።

ድንጋዩ በገመድ ተጎትቶ ሲወጣ ላቀው ምልክቱ የነበረበት ነጭ ሆኖ መላጡን አየ፤ ወደ እንግዳሸት ቤትም ሄደ። ሽማግሌው ደጁ ላይ እግሩን ዘርግቶ ነበር።

«ተጣልተን የለም ወይ? ለምን አደረግኸው?»

«ለመጣላትም ደክሞኛል፣ ላቀው።»

«ሄጄ የእኔ ነው እላለሁ።»

«ድንጋይህ ደኅና ነው። ያን ጊዜ የቤተ ክርስቲያኑም ደኅና ነበር። እኔ ነኝ ደክሞኝ ዝም ያልሁት፤ ደክሞኛል ብል ኖሮ ሌላው ይናገርልኝ ነበር።»

ላቀው አጠገቡ ተቀመጠ፤ እስኪመሽ ሁለቱም አልተነሡም ይባላል።

ድልድዩ እንደገና ሲሠራ አለቃ የሆነው ላቀው ነው። ግንበኞቹ ደም የነካው ድንጋይ አይመለስም ቢሉትም ያንኑ ልሙጥ ድንጋይ ቅስቱ አናት ላይ አስገባው፤ ምልክቱን ግን መልሶ አልቀረጸበትም። ገዥው እንጨቱ ይነሣ ባለ ቁጥር ማኅበርተኞቹ በሙሉ ከላቀው ጎን እየቆሙ «ኖራው ሲጠና» ይሉት ነበር። አንዱ ሲደክመው ሌላው ይቀበል ነበር። ገዥው በመጨረሻ ተወው። እንግዳሸት በላቀው ክንድ ተደግፎ ተሻገረበት።

ዛሬ በዚያ አገር ወደ ማኅበሩ የሚገባ ግንበኛ ምልክቱን በድንጋይ ላይ ይቀርጽና መልሶ በገዛ እጁ ያለሰልሰዋል። ላቡ ሲንጠፈጠፍ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ጠጋ ብሎ «ደከመህ?» ይለዋል። «አልደከመኝም» ያለውን መርቀው ወደ ቤቱ ይሰዱታል፣ ለከርሞ ይመለሳል። «ደክሞኛል» ያለውን ወንድሞቹ ከመካከላቸው ቦታ ለቀው ያስቀምጡታል፤ መሮውንም ከእጁ ተቀብለው የቀረውን እነሱ ይጨርሱለታል።