ከግድቡ ሥር የተቀለሰች ጎጆ

አንድ ደምለው የሚባል የመንደር አለቃ ነበር። መንደርተኛው በደቦ አፈር ተሸክሞና ጭቃ ረግጦ የሠራውን ትንሽ የአፈር ግድብ ከልጆቹ ለይቶ አያየውም። ግድቡ ፊቱ በድንጋይ የተነጠፈ፣ ጀርባው ሣር የለበሰ፣ በጎኑ ትርፍ ውሃ የሚወጣበት ጠባብ ማስተንፈሻ ያለው ነበር። ደምለው እንግዳ ሲመጣ አናቱ ላይ ሳያንሸራሽር አይሸኝም።

አንድ ቀን የግድቦችን የአደጋ ደረጃ የሚመድብ መሐንዲስ መጣ። ግድቡን ዞሮ አየና ጀርባውን ሰጥቶት ቁልቁል ሸለቆውን ያጤን ጀመር። ደምለው ቅር አለው።

«ጌታው፣ ግድቡ እኮ ከኋላዎ ነው!»

«አይቼዋለሁ። እዚያ ታች ሰው ይኖራል?»

«ማን ይኖራል? የከብት መስክ ነው።»

«እንግዲያው ቢፈርስም የሚጎዳው ሣር ነው፤ ደረጃው ዝቅተኛ ስጋት ይሁን። ሰው የሰፈረ ዕለት ግን ደረጃው ይለወጣል። ያኔ ውሃውን አጉድለን ማስተንፈሻውን ማስፋት አለብን። እንዳትረሱ፣ ሰው ላኩብኝ።»

ደምለው ከዚህ ሁሉ ንግግር ይዞ የተመለሰው «ዝቅተኛ ስጋት» የምትለዋን ብቻ ነው። ሰው መቼም የሚወደውን መርጦ ይሰማል። በየሰርጉና በየለቅሶው «የእኛ ግድብ አያሰጋም ተባለ» እያለ ደረቱን ነፋ።

ከግድቡ በታች ያለው መስክ እርጥበት አግኝቶ በበጋ ሳይቀር ይለመልም ጀመር። ደምለው ልጁን እናኑን ሲድር ጎጆዋን እዚያው ቀለሰላት። አለቃው የገዛ ልጁን ካሰፈረበት ማን ይሰጋል? ሌሎችም ተከተሉ።

ያን ዕለት መሐንዲሱን አብራ የሰማችው ሚስቱ ግን አልረሳችም። «ያ ሰውዬ ሰው ከሰፈረ ላኩብኝ አላለም? ሳይቃጠል በቅጠል ነው» አለችው።

«አንቺ ደግሞ! ግድቡ ያው ግድብ ነው፤ ምን ተለወጠ?»

ውስጡ ግን ያውቅ ነበር። መሐንዲሱ ከመጣ ውሃው ይጎድላል፤ ውሃው ከጎደለ የዓመቱ ሽንኩርት ይደርቃል፤ መንደሩም በእሱ ላይ ያጉረመርማል። ስለዚህ «ሽንኩርቱ ይነሳና» አለ። ሽንኩርቱ ሲነሳ ቲማቲም ተተከለ።

ክረምቱ ያልታሰበ ዝናብ ይዞ መጣ። ጠባቡ ማስተንፈሻ ጎርፉን ማሳለፍ አቃተውና ውሃው በግድቡ አናት ላይ ፈሰሰ። የአፈር ግድብ ደግሞ ውሃ አናቱን ካለፈው አይቆይም፤ ጀርባው ይቦረቦር ጀመር። ደምለው ከላይ ሆኖ «ውጡ! ውጡ!» እያለ ጮኸ። ሰዉ ወደ ኮረብታው ሮጠ። እናኑም ልጇን አዝላ ወጣች። ባሏ ግን የታሰሩትን በሬዎች ሊፈታ ተመለሰ። ግድቡ የተደረመሰው ያን ጊዜ ነው።

በለቅሶው ላይ ሰዉ «የፈጣሪ ቁጣ ነው፤ ምን ይደረጋል» እያለ ደምለውን ያጽናና ነበር። እናኑ ግን ቀና ብላ አየችው።

«አባዬ፣ እዚያ ስታስገባን መሐንዲሱ ያለህን ብትነግረን ምን ነበረበት? እኛው እንመርጥ ነበር እኮ።»

ግድቡ እንደገና ተሠራ፤ ማስተንፈሻውም ሰፋ። ደምለው ግን የልጁን ዓይን ደፍሮ ማየት እንዳቃተው አረጀ፤ እንዳቃተውም ሞተ።

ወዳጄ፣ የአንድ ነገር አደገኝነት በራሱ ጥንካሬ ብቻ አይለካም፤ በሥሩ በተጠለለው ሰውም ይለካል። ብቻችንን ሳለን ማንንም ያልጎዳው ቁጣችን፣ ስካራችንና ነገ ባይነታችን፣ ትዳር ስንይዝ፣ ልጅ ስንወልድ፣ ሥልጣን ስንቀበል ያው እንደ ድሮው ነው እንላለን። አዎ፣ እኛ ያው ነን፤ የሚጎዳው ሰው ግን መጥቷል። እርስዎስ፣ አምኖዎት ለተጠጋዎት ሰው ማወቅ የሚገባውን ሳይነግሩት ስንት ጊዜ አሳለፉ?